የመርሳት በሽታ ላለባቸው አረጋውያን የሚደረገው እንክብካቤ ልምድ መለዋወጥን፣ ልምድ መለዋወጥም በጀትን ይጠይቃል

(በአርባ ምንጭ፣ ሴቻ፣ በሠፈራችን ነዋሪዎች ማኅበር ጠቅላላ ስብሰባ ላይ በአንድ ጡረተኛ የጤና ረዳት የተደረገ ንግግር። በስብሰባው ላልተገኙ ነዋሪዎች እንዲደርስ በማስታወቂያ ሰሌዳችን ላይ ወጥቷል።)



እንደምታውቁኝ እኔ ሐኪም አይደለሁም። በደጋውም በቆላውም ከሠላሳ ዓመት በላይ በጤና ረዳትነት ሠርቼ ጡረታ የወጣሁ የሠፈራችሁ ሰው ነኝ። ስለሆነም ዛሬ የምናገረው በሥራ ላይ ያየሁትን፣ በገዛ ቤቴ የደረሰብኝንና አንብቤ የተረዳሁትን ነው። ከተሳሳትሁ አርሙኝ።

ባለፈው ክረምት የሆነውን ሁላችንም እናስታውሳለን። ስማቸውን አልጠራም፤ ልጆቻቸው እዚሁ መካከላችን ተቀምጠዋል፣ እንድናገርም ፈቅደውልኛል። እኒያ አባት የታወቁ ሸማ ሠሪ ነበሩ። ሁለት ሦስት ዓመት ሙሉ ነገር እየረሱ፣ የልጆቻቸውን ስም እያቀያየሩ፣ ማታ ማታ «ቤቴ ልሂድ» እያሉ ይቸገሩ ነበር። አንድ ቀን ንጋት ላይ ቤተሰቡ ሳይነሣ ወጡ። እኛም ስንሰማ ተሯሯጥን። መናኸሪያውን፣ ገበያውን፣ ጤና ተቋማቱን አዳረስን። ለፖሊስም አመለከትን። ቀኑ መሸ፣ በማግሥቱም አልተገኙም። በሦስተኛው ቀን ወደ ዶርዜ በሚያወጣው መንገድ ዳር ከአንድ ዛፍ ሥር ተገኙ። ሌሊቱን ዝናቡና ብርዱ ጨርሷቸው ነበር። ለካስ ሲሉት የነበረው ቤት እዚህ ያለው ቤት አልነበረም። ተወልደው ያደጉበት የደጋው ቤት ነበር።

በለቅሶው ድንኳን ከሲቀላ የመጡ አንዲት እናት ከጎኔ ተቀምጠው ነበር። ነገሩን ከሰሙ በኋላ ቀስ ብለው፣ «ልጄ፣ እኛ ዘንድ እኮ እንዲህ አይደለም የሚፈለገው» አሉኝ። በእነርሱ ሠፈር ከዚያ ቀደም አንዲት አሮጊት ጠፍተው ስለ ነበር እድራቸው ተሰብስቦ ሥርዓት አውጥቷል። ሰው ጠፋ ሲባል «ትንሽ እንጠብቅ» ብሎ ነገር የለም፤ የእድሩ ጡሩንባ ወዲያውኑ ይነፋል። ወጣቶቹ በአራቱም አቅጣጫ አስቀድመው ተመድበዋል። የባጃጅ ሾፌሮች ይነገራቸዋል። ከሁሉም በፊት ደግሞ ቤተሰቡ አንድ ጥያቄ ይጠየቃል፤ «ከዚህ በፊት የት ይኖሩ ነበር? ስለ የትኛው ቦታ ያወራሉ?» ይባላል። ፍለጋው ከዚያ ይጀመራል። በዚህ ሥርዓት እኒያ ሴትዮ ሁለተኛ ጊዜ ሲጠፉ ከእኩለ ቀን በፊት ተገኝተዋል።

ወገኖቼ፣ ከሴቻ እስከ ሲቀላ ምን ያህል ነው? አራት ኪሎ ሜትር ያህል ቢሆን ነው። በባጃጅ የደቂቃ መንገድ ነው። እኛን ሰው ያስከፈለን ዕውቀት አራት ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ ነበረ፤ ግን አልደረሰንም። ዛሬ የተሰበሰብነውም ስለዚሁ ነው። አንዱ ሠፈር የተማረው ለሌላው የሚደርሰው በምን መንገድ ነው? ለዚህስ መንግሥት ምን ያህል ሊያግዘን ይገባል?

በሽታው ምንድን ነው?

ብዙዎቻችን «ጃጁ» ወይም «ልጅ ሆኑ» እንላለን። እርጅና ያመጣው ነው ብለን እንተወዋለን። እርግጥ ነው፣ ዕድሜ ሲገፋ ሁሉም ሰው ጥቂት ይረሳል። ቁልፉን የት እንዳስቀመጠ የሚረሳ ሰው ጤነኛ ሊሆን ይችላል። ቁልፉ ለምን እንደሚያገለግል የሚረሳ ሰው ግን ታሟል። ይህ የአንጎል በሽታ ነው። በሕክምና ቋንቋ ዴሜንሺያ ይባላል፤ እኛ የመርሳት በሽታ እንለዋለን። ብዙውን ጊዜ መንሥኤው አልዛይመር የተባለው ሕመም ሲሆን፣ ከዚያ ቀጥሎ የአንጎል የደም ሥር ጉዳት ይመጣል። እርግማን አይደለም፤ የጎረቤት ዓይን ያመጣውም አይደለም። በአካባቢያችን አንዳንዱ «ጎሜ ነው፣ የተሻረ ወግ አለ» ይላል። ወጋችንን አከብራለሁ፤ ነገር ግን የታመሙትን አባት ጥፋተኛ ማድረግ ከወጋችን ውስጥ አይደለም።

የዓለም ጤና ድርጅት እንዳስታወቀው እ.ኤ.አ. በ2021 በዓለም ላይ 57 ሚሊዮን ያህል ሰዎች ከዚህ በሽታ ጋር ይኖሩ ነበር። ከእነዚህም ውስጥ ከ60 በመቶ በላይ የሚሆኑት እንደኛ ባሉ ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች ያሉ ናቸው። «የፈረንጅ በሽታ ነው» የሚባለው እንግዲህ ትክክል አይደለም። በአገራችን እ.ኤ.አ. በ1990 አንድ ሰው በአማካይ ይኖራል ተብሎ የሚታሰበው ዕድሜ ከ50 ዓመት በታች ነበር፤ ዛሬ ከ60 በላይ ሆኗል። ይህ ትልቅ ደስታ ነው። ነገር ግን ሽማግሌው በበዛ ቁጥር የሚረሳውም ይበዛል።

ፈጽሞ የሚያድን መድኃኒት እስከ ዛሬ አልተገኘም። ይሁን እንጂ ሁለት ነገር ልብ በሉልኝ። አንደኛ፣ የሚረሳ ሰው ሁሉ ይህ በሽታ አለበት ማለት አይደለም። የእንቅርት ዕጢ መድከም፣ የቫይታሚን ቢ 12 እጥረት፣ ከባድ ኀዘንና ድብርት፣ የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን፣ የመድኃኒት መደራረብ፣ በመውደቅ የመጣ የጭንቅላት ጉዳት፣ ሌላው ቀርቶ የጆሮ መደንቆር ሰውን የጃጀ ሊያስመስል ይችላል። እነዚህ የሚታከሙ ናቸው። በተለይ በጥቂት ቀናት ውስጥ ድንገት የመጣ መዘባረቅ ከሆነ አትጠብቁ፣ ቶሎ ወደ ሕክምና ውሰዱ። ሁለተኛ፣ ላንሴት የተባለው የሕክምና መጽሔት ያቋቋመው የሊቃውንት ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ2024 ባወጣው ዘገባ ላይ ሊቀነሱ የሚችሉ 14 አጋላጭ ነገሮችን ዘርዝሯል። በእነዚህ ላይ ከልጅነት ጀምሮ ቢሠራ ከበሽታው 45 በመቶ ያህሉን መከላከል ወይም ማዘግየት እንደሚቻል ገምቷል። ከነዚህም ውስጥ የደም ግፊት፣ የስኳር በሽታ፣ ሲጋራ፣ መጠጥ ማብዛት፣ የአየር ብክለት፣ የመስማትና የማየት ችግር፣ ብቸኝነትና ያለመማር ይገኙባቸዋል። እንግዲህ ግፊቱን የሚለካ፣ አረቄ የሚቀንስ፣ ሽማግሌ ጎረቤቱን ለቡና የሚጠራ ሰው በሽታውን እየተከላከለ ነው ማለት ነው።

በገዛ ቤቴ የደረሰው

እኔ ጤና ረዳት ነኝ ብያችኋለሁ። እናቴ በታመመች ጊዜ ግን ከማንም የባስሁ መሃይም ነበርሁ። የሞተችውን እናቷን «የት ሄደች?» ብላ ስትጠይቀኝ፣ «ከሞተች አርባ ዓመት ሆኗታል!» እያልሁ እጮህባት ነበር። እርሷም መርዶውን በየቀኑ እንደ አዲስ ትሰማና ታለቅሳለች። ሥራ ስሄድ በሩን ከውጭ ቆልፌባት እሄድ ነበር። አንድ ቀን ምድጃው ላይ የተወችው እሳት ቤቱን ሊያነደው ሲል ጎረቤት በሩን ሰብሮ አወጣት። ወደ አንድ የጤና ተቋም ወስጃት ነበር። የተሰጠኝ መልስ «እርጅና ነው፣ ይዘሃት ሂድ» የሚል ብቻ ነበር። ያን ቀን የተሰማኝን ተስፋ መቁረጥ አልረሳውም። ግን ደግሞ እውነቱን ልናገር፣ እኔም ራሴ በሥራ ላይ ሳለሁ ይህንኑ መልስ ለስንቱ ሰጥቻለሁ።

ያስተማረችኝ አንዲት የደጋ ሴት ነች። አማቷን ለብዙ ዓመት ያስታመመች ናት። «ለምን ትከራከራታለህ? ስለ እናቷ ጠይቃት እንጂ» አለችኝ። እንደ ተባልሁት፣ «እማዬ፣ አያቴ እንዴት ያለች ሴት ነበረች?» ብዬ ጠየቅሁ። እናቴ ፊቷ ፈካ። ስለ እንሰት ፍቂው፣ ስለ ገበያው፣ ስለ መስቀል ጭፈራው አወራች። ልቅሶውም ቆመ። ይህንን ማንም መጽሐፍ አላስተማረኝም፤ ጎረቤት ነው ያስተማረኝ። ዛሬ ዕውቀቱ ባላቸው መጻሕፍት ሁሉ ተጽፎ ሳየው ይገርመኛል። ሦስት ዓመት ቀድሜ ብሰማው ኖሮ እናቴን ሦስት ዓመት አላስለቅሳትም ነበር።

በየቤቱ የተቀመጠው ዕውቀት

ባለፉት ወራት ከማኅበሩ ኮሚቴ ጋር በመሆን እንዲህ ያለ ሕመምተኛ ያለባቸውን ቤቶች ጎብኝተናል። ያገኘነውን ጥቂቱን ላካፍላችሁ።

በአንድ ቤት የልጃቸውን ስም የረሱ አባት አሉ። ልጅየው ድሩን ወጥሮ ሲያስቀምጣቸው ግን እጃቸው መወርወሪያውን አይስትም። ጨርቁ ሲታይ አንዳንድ ቦታ ይሳሳል፤ ልጁ ማታ ያስተካክለዋል። አባትየው ግን ቀኑን በሰላም ይውላሉ፣ ማታም ይተኛሉ። ስም የሚረሳና እጅ የሚረሳ ልዩ ልዩ እንደ ሆነ የሕክምና ሰዎችም ይናገራሉ። ለረጅም ዘመን የተሠራበት የእጅ ሙያ ብዙ ጊዜ መጨረሻ ላይ ነው የሚጠፋው።

በሌላ ቤት እናትየዋ አማርኛውን እየረሱ መጥተዋል። የልጅ ልጆቻቸው ደግሞ ጋሞኛ በደንብ አይችሉም። ቤተሰቡ «ዝም አሉ፣ ተኳረፉ» ሲል ሰንብቷል። አንዲት የደጋ ዘመድ መጥታ በጋሞኛ ስታነጋግራቸው ወሬው ጎረፈ። ኋላ የተማሩት ቋንቋ ቀድሞ ሲጠፋ ብዙ ጊዜ ይታያል። ይህንን የሚያውቅ ቤተሰብ ልጆቹን ሃያ የጋሞኛ ቃል ያስተምራል፤ የማያውቀው ደግሞ አያቱን በዝምታ ያጣል።

በሦስተኛው ቤት ነገሩ ሁሉ የወደቀው በአንዲት ልጅ ጫንቃ ላይ ነው። ወንድሞቿ አዲስ አበባ ሽሮ ሜዳ በሸማ ሥራ ላይ ናቸው። ለመስቀል በዓል በዓመት አንድ ጊዜ ይመጣሉ። ሲመጡም «አባታችን ተጎሳቁለዋል፣ አልተንከባከብሻቸውም» ብለው ይቆጧታል። አባትየው ለእንግዳ ይነቃሉና ያን ሁለት ቀን ደህና መስለው ይታያሉ። እርሷ ግን ዓመቱን ሙሉ ሌሊት አትተኛም። ይህቺን ልጅ የጎዳት በሽታው ብቻ አይደለም፤ የወንድሞቿም አለማወቅ ነው። ይህ ታሪክ የስንቶቻችን ቤት ታሪክ እንደ ሆነ ስናገር አንገታችሁን ስትነቀንቁ አያለሁ።

እንግዲህ እዩት። ዕውቀቱ አለ። በየቤቱ፣ በየእድሩ፣ በጨንቻ፣ በዶርዜ፣ በቦንኬ፣ በከምባ ሳይቀር ይኖራል። ነገር ግን አስታማሚው ሰው ከቤት አይወጣም፤ ስብሰባም አይሄድም። ሕመምተኛው ሲያርፍ አስታማሚው ያወቀውን ሁሉ ይዞ ዝም ይላል። ቀጣዩ ቤተሰብ ከሀ ይጀምራል። ብልህ ከሰው ይማራል ይባላል። ለመማር ግን መጀመሪያ መገናኘት ያስፈልጋል።

በሌላ አገር የተደረገው

ይህ የኛ ብቻ ችግር አይደለም። ካናዳን እንውሰድ። የአገሪቱ ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ2017 ስለዚህ በሽታ ብሔራዊ ስልት እንዲዘጋጅ ሕግ አወጣ፤ ስልቱም በ2019 ወጣ። በመካከሉ በ2018 በጀት ላይ ለ5 ዓመት የሚሆን 20 ሚሊዮን የካናዳ ዶላር፣ ከዚያም በኋላ በየዓመቱ 4 ሚሊዮን ለማኅበረሰብ ሥራዎች ተመደበ። ገንዘቡ ለሆስፒታል አይደለም። በየሠፈሩ ሕመምተኞችንና አስታማሚዎችን ለሚረዱ ሥራዎች ነው። ልብ እንድትሉልኝ የምፈልገው ግን ቀጥሎ ያለውን ነው። ከዚሁ ገንዘብ ላይ ተቀንሶ እነዚህን ሥራዎች እርስ በርስ የሚያገናኝ አንድ የዕውቀት ማዕከል እንዲኖር ተደረገ። ዋተርሉ በተባለች ከተማ በሚገኝ የእርጅና ጥናት ተቋም ሥር ያለ ነው። ሥራው ሕመምተኛ ማከም አይደለም። አንዱ ቦታ የተሞከረው ምን ውጤት እንዳመጣ መሰብሰብ፣ ሠራተኞቹን ማገናኘት፣ የተገኘውን ትምህርት ለሌላው ማድረስ ነው። መንግሥታቸው የተረዳው አንድ ነገር አለ፤ ዕውቀት በራሱ እግር አይሄድም፣ የሚያደርሰው ሰው ደመወዝና የትራንስፖርት ገንዘብ ያስፈልገዋል።

ሁለተኛው ምሳሌ ጃፓን ነው። ጃፓኖች በፊት ለዚህ በሽታ የሚጠሩበት ቃል የሚያዋርድ ስለ ነበር፣ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2004 መጨረሻ ላይ ስሙን አስለወጠ። በማግሥቱ ዓመት ለተራው ሰው፣ ለሱቅ ሻጩ፣ ለባንክ ሠራተኛው፣ ለተማሪው የሚሰጥ የአንድ ሰዓት ተኩል ያህል ትምህርት ተጀመረ። ይህንን ትምህርት የወሰዱት ከ10 ሚሊዮን በላይ ሆነዋል። ኦሙታ የተባለች የቀድሞ የድንጋይ ከሰል ማውጫ ከተማ ደግሞ ከዚያው ከ2004 ጀምሮ ነዋሪዎቿን የጠፋ አረጋዊ ፍለጋ ታለማምዳለች። አንድ ሰው እንደ ጠፋ ሆኖ በከተማው ይዞራል፤ ሌላው እንዴት ቀርቦ፣ ሳያስደነግጥ፣ በአክብሮት እንደሚያነጋግረው ይለማመዳል። ሌሎች ከተሞችም ከእርሷ ተምረው ተከተሉ። እኒያ የሲቀላ እናት የነገሩኝ ሥርዓት ከዚህ በምን ያንሳል? ልዩነቱ የኦሙታው ተጽፎ፣ በጀት ተመድቦለት፣ አገር አዳርሷል። የሲቀላው ግን በለቅሶ ድንኳን ነው የደረሰኝ።

በአገራችን የሚቻል ነውን?

«ያ የሀብታም አገር ነው» የሚል እንዳለ አውቃለሁ። እንግዲያውስ ከራሳችን አገር ልጥቀስ። የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም በ1995 ዓ.ም. ሲጀመር በየቀበሌው ሁለት ሁለት ሠራተኞች ተመድበው ቤት ለቤት ዕውቀት እንዲያደርሱ ነው የተደረገው። ለዚህም ደመወዝ የከፈለው መንግሥት ነው። ክትባቱን፣ መጸዳጃ ቤቱን፣ የእናቶችን ጤና ያሻሻለው ከመድኃኒቱ እኩል ይህ ዕውቀት ማድረስ ነበር። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድንም እ.ኤ.አ. በ2011 በ13 ወረዳዎች ብቻ ተሞክሮ፣ ከዚያ የተገኘው ልምድ ነው ወደ ሌላው ወረዳ የተዛመተው።

የእግር ዝሆኔን ነገር ደግሞ ጎረቤቶቻችን ወላይታዎች ያውቁታል። በባዶ እግር በቀይ አፈር ላይ በመሄድ የሚመጣው ያ በሽታ ለብዙ ዘመን «የዘር እርግማን» ሲባል ኖሯል። እ.ኤ.አ. ከ1998 ጀምሮ ወላይታ ውስጥ አንድ የማኅበረሰብ ሥራ ሕመምተኞቹ ራሳቸው እግር እንዲያጥቡ፣ ጫማ እንዲያደርጉ፣ ሌላውንም እንዲያስተምሩ አደረገ። ከዚያ የተገኘው ትምህርት እየሰፋ ሄዶ በ2013 በወጣው ብሔራዊ የሐሩር በሽታዎች ዕቅድ ውስጥ በሽታው ቦታ አገኘ። ከሠፈር ተነሥቶ አገር ደረሰ ማለት ነው።

የመርሳት በሽታም ቢሆን መነሻ አለው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2010 የአእምሮ ሕክምናን ወደ ጤና ጣቢያ ለማውረድ ያወጣው መመሪያ ይህን በሽታ በውስጡ ይዟል። አገራችንም መመሪያውን ቀድመው ከጀመሩት ውስጥ ናት። ስለዚህ ነርሱ የሚማርበት ነገር አለ። የጎደለው ከነርሱ ወዲህ ያለው ነው፤ ከጤና ጣቢያው በር እስከ ሕመምተኛው አልጋ ያለው መንገድ። ያንን መንገድ የሚያውቁት አስታማሚዎች ናቸው።

ሕጉስ ምን ይላል? ኅዳር 29 ቀን 1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 41 ንዑስ አንቀጽ 5 ላይ፣ መንግሥት የአካልና የአእምሮ ጉዳተኞችን፣ አረጋውያንንና ያለ ወላጅ የቀሩ ሕፃናትን ለመርዳት የአገሪቱ አቅም በፈቀደው መጠን እንክብካቤ ያደርጋል የሚል ሐሳብ አስፍሯል። «አቅም በፈቀደው መጠን» የሚለውን አውቃለሁ። የምንጠይቀውም ከአቅም በላይ አይደለም።

የምንጠይቀው

ከኮሚቴው ጋር መክረን አምስት ነጥብ አዘጋጅተናል።

1ኛ. በየሩብ ዓመቱ የሴቻና የሲቀላ፣ እንዲሁም ከጨንቻ፣ ከዶርዜና ከሌሎች ወረዳዎች የሚመጡ አስታማሚዎችና የእድር ተወካዮች አንድ ቀን የሚገናኙበት ስብሰባ ይኑር። ለዚህ የሚያስፈልገው የመኪና ኪራይ፣ ምሳና ወረቀት ነው።

2ኛ. አስታማሚው ወደ ስብሰባው ሲመጣ በዚያ ቀን ሕመምተኛውን የሚጠብቅ ሰው ይመደብ፣ አበልም ይከፈለው። ይህ ካልሆነ ዋናዎቹ ዐዋቂዎች እቤት ይቀራሉ፤ ተሰብስበን የምናወራው እንደኔ ያለን ጡረተኞች ብቻ እንሆናለን።

3ኛ. የተሰበሰበውን ልምድ የሚጽፍ አንድ ሠራተኛ ይኑር። ከእያንዳንዱ ቤት የሰማውን ያለ ስም ይመዝግብ፤ የጤና ባለሙያ ይመርምረው፤ የሚጎዳው ይውጣ፣ የሚጠቅመው ይታተም። በአማርኛ ብቻ ሳይሆን በጋሞኛም ይሁን። ማንበብ ለማይችሉም በከተማችን ሬዲዮ ይነገር።

4ኛ. ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞቻችን ስለዚህ በሽታ አጭር ሥልጠና ይሰጥ። አሠልጣኞቹ የጤና ባለሙያዎች ብቻ አይሁኑ፤ አስታማሚ እናቶችም አብረው ያስተምሩ። በከተማችን ዩኒቨርሲቲ አለን፣ የሕክምና ትምህርትም ይሰጥበታል፤ ተማሪዎቹ ከእኛ ዘንድ መጥተው ቢያዩ ለእነርሱም ትምህርት ነው።

5ኛ. የጠፋ ሰው ፍለጋ ሥርዓት በእያንዳንዱ እድር ይጻፍ። ይህ አምስተኛው ገንዘብ አያስፈልገውም፤ ከዛሬ ጀምሮ እንፈጽመዋለን።

የበጀት ዓመት ሐምሌ 1 ቀን እንደሚጀምር ታውቃላችሁ። ጥያቄያችን በጀቱ ከመዘጋቱ በፊት ለከተማ አስተዳደሩና ለዞኑ የጤናና የማኅበራዊ ጉዳይ መምሪያዎች መድረስ አለበት። ከሐምሌ በኋላ ብንጮህ «ለከርሞ» ነው የምንባለው።

ሁለት ተቃውሞ ሰምቻለሁ፤ ሁለቱም የሚናቁ አይደሉም። የመጀመሪያው «መድኃኒት በሌለበት ለስብሰባ ገንዘብ ማውጣት ብክነት ነው» የሚል ነው። የደም ግፊት መድኃኒት ሲጠፋ ሰው እንደሚሞት እኔም አውቃለሁ። ከዚያ በጀት ቀንሱ አልልም። ነገር ግን ለዚህ በሽታ የሚያድን መድኃኒት ስለሌለ መድኃኒቱ አያያዙ ነው። አያያዝ ደግሞ የሚገኘው ከሰው ነው። ሁለተኛው «መንግሥት ገንዘብ ሲያስገባ የራሳችን መረዳዳት ይቀዘቅዛል፣ አበል ካልተከፈለ የሚመጣ አይኖርም» የሚል ነው። ይህ ፍርሃት እኔም አለኝ። ስለዚህ ገንዘቡ ለመገናኛው፣ ለማተሚያውና እቤት ለሚጠብቀው ሰው ብቻ ይሁን። ጎረቤት ለጎረቤት የሚያደርገው እንደ ነበረ ይቀጥል። ሒሳቡም በየሦስት ወሩ በዚሁ ሰሌዳ ላይ ይለጠፍ፤ ማንም መጥቶ ያንብበው።

ወገኖቼ፣ ልጨርስ ነው። መስከረም 2011 ዓ.ም. በከተማችን የሆነውን አስታውሱ። በቡራዩ በወገኖቻችን ላይ የደረሰውን የሰሙ ወጣቶች በቁጣ ሲወጡ፣ የጋሞ ሽማግሌዎች እርጥብ ሣር ይዘው ከፊታቸው ተንበረከኩ። ወጣቱ ቆመ፤ ደም አልፈሰሰም። አገር ሁሉ አደነቀ። ዱቡሻ ላይ ተቀምጠው ለዘመናት ያስታረቁን፣ የገዛ ቁጣችንን ያስጣሉን እነርሱ ናቸው። ከእነዚያ ሽማግሌዎች መካከል ነገ ስሙን የሚረሳ፣ መንገዱ የሚጠፋው አይኖርም ትላላችሁ? እነርሱ እኛን ያቆሙን ሣር ይዘው ነው። እኛ እነርሱን የምንመልስበት ምን ይዘናል?

ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚለው ተረት በሸማኔ አገር ሊብራራ አያስፈልገውም። አንድ ክር ብቻውን ይበጠሳል። በየቤቱ ያለው የአስታማሚ ዕውቀት እንደዚያ ክር ነው። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ። ያቺ ሌሊት የማትተኛ ልጅ ሃምሳውን ሎሚ ብቻዋን ተሸክማለች። ዛሬ ከዚህ ስትወጡ ቢያንስ አንድ አንዱን ተቀበሏት።



ከማኅበሩ ጽሕፈት ቤት፦ ከንግግሩ በኋላ በተደረገው ውይይት አምስቱ ነጥቦች በእጅ ብልጫ ተቀባይነት አግኝተዋል። አንዲት እናት «ሌሊት የሚጠብቅ ሰውስ?» ብለው ጠይቀው፣ ስምንት ወጣቶች በየተራ ለማደር በፈቃዳቸው ተመዝግበዋል። አስታማሚ የሆናችሁ ነዋሪዎች ያወቃችሁትን ለማካፈል ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ወደ ጽሕፈት ቤቱ ብቅ እንድትሉ፣ መምጣት የማትችሉም ላኩብን፤ እኛው እቤታችሁ እንመጣለን።